ግማሽ ቀን፣ ለብቻ

ቀጠሮው ከሁለት እስከ ስምንት፤ አንድ መኪና፣ አንድ ሰው፣
የታሸገ ውሃ በነፃ፣ ነዳጁም የኔ ነው።
ከሆቴሉ በር «ካሊዮፒ» የሚል ወረቀት ይዤ ቆምኩኝ፤
ከግሪክ ደሴት የመጣች አሮጊት ናት ብለው ነገሩኝ።

ባርኔጣዋ ነጭ፣ መነጽሯ ጥቁር፣ ከሰባ የዘለቀ ዕድሜ፤
የለመድኩትን በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አስቀድሜ፦
መጀመሪያ እንጦጦ፣ ቀጥሎ ሙዚየም፣ ከዚያ የሽሮ ሜዳ ገበያ...
እጇን አነሳች እንደ ትራፊክ ፖሊስ፦
«እሱን ለእንግዳ፣ ልጄ። እኔን አድርሰኝ አቃቂ ጣቢያ።»

አማርኛዋ ከሣጥን የወጣ ሙሉ ልብስ፣
ፋሽኑ ያለፈ፣ ስፌቱ ግን ያልላላ፤
በስሙኒ የሚቆጥር፣ መኪናዬን «ኦቶሞቢል» የሚል፣
ከኔ አማርኛ ጋር መንገድ ላይ የሚጣላ።

«ከኋላ አልሄድም» ብላ ከጎኔ ተቀመጠች።
ቃሊቲ ላይ ሲሚንቶ የጫነ ሰልፍ አቆመን፤ አወጋች።
ለካስ ባልደረባ ናት! ሠላሳ ዓመት በዚያች ደሴት
ከመርከብ የወረደ ሰው ጭና ስታዞር በትንሿ ፊያት፤
ግማሽ ቀን፣ ለብቻ፣ ልክ እንደኔ፣
«ይኼ ነጭ ግድግዳ፣ ይኼ ሰማያዊ በር፣
እዚህ ፎቶ፣ እዚህ ወይን ጠጅ፣
እዚያ ደግሞ ባሕር።»

«ደሴት የሚያህል ነገር በግማሽ ቀን ይዳረሳል?» አልኳት።
«ይዳረሳል፤ ግማሹን ከደበቅከው።»
ሣቅሁ። እኔም የምደብቀው አለኝ፣
«መንገዱ ተዘግቷል» ብዬ የማልፈው ሰፈር፤
ስሙን አልጠራውም፣
ጉዟችን ወደዚያው ነበር።

አቃቂ ስንገባ መሪው በኔ እጅ፣ መንገዱ በሷ አፍ ሆነ።
«ወደ ግራ። ቀስ። እዚህ የፋብሪካው ጡሩምባ ይጮህ ነበር፣
ሰዓት የሌለው ሁሉ በሱ ይነሳ ነበር።
አባቴ ሙሴ ስታቭሮ፣ የሽመና መኪና ጠጋኝ፣
ዘይት የነካ እጁን በሰጋቱራ ያሸው ነበር።
እዚህ ብስክሌት ተማርኩ። እዚህ ወደቅሁ።
ያነሳኝ ልጅ ፍንጭት ነበር።»

ድልድዩ ላይ ወንዙን አየችው። ቀለሙን አልነግራችሁም።
አፍንጫዋን ግን አልያዘችም።
እኔ እንኳ እይዛለሁ።

ጣቢያው ተዘግቷል። ሐዲዱ ላይ ሣር፣ ሣሩ ላይ ሁለት ፍየል፤
ዘበኛው ቱፋ ከጥላው ሳይነሳ «ፎቶ ክልክል ነው» ሲል፣
ባዶ መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችው፣
እንደ ተፈታሽ።
እሱ ግን አማርኛዋን ሰምቶ ተነሳ፤ ወንበሩን ለቀቀላት።
አልተቀመጠችም።

ከዚያ አንድ በር ላይ «አቁም» አለች።
የቆርቆሮ በር ነው፣ አረንጓዴው የተላጠ፣
ከበላዩ «ልብስ ስፌት» የሚል ታፔላ የተጣመመ።
አልወረደችም። መስኮቱንም አላወረደች።
እንጀራዬ መናገር ነው፤ ስለ ድንጋይ ሁሉ ታሪክ አለኝ፤
አሥራ አንድ ደቂቃ ግን ምላሴን ነክሼ
የዳሽቦርዱን አቧራ በጣቴ ጠረግሁ።
አንዲት ሴት ወጣች፣ የሳሙና ውሃ ደፋች፣
አየችን፣ ገባች።
«እሺ» አለች ካሊዮፒ፣ «እዚህ የሚታይ የለም። ንዳ።»

ይህቺን ቃል አውቃታለሁ። እኔም እበላባታለሁ።

ስንመለስ ከድልድዩ ማዶ ጣቷን ቀሰረች፦
«እዚያስ? በኔ ጊዜ ባዶ ሜዳ ነበር።»
እዚያማ የኔ ቤት አለ፤ ገመድ ላይ የልጄ ዩኒፎርም፣
በር ላይ ጎማ የሌለው ጋሪ፣
ሚስቴም ይሄኔ ከጎረቤት ቧንቧ ውሃ ስትቀዳ ይሆናል።
«መንገዱ ተዘግቷል» አልኳት።
መነጽሯን አውልቃ ዞራ አየችኝ።
ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አይሸወድም፤
ምንም አላለችም።

ሆቴል ስንደርስ ስምንት ተኩል ሆኗል።
ደረሰኙ ላይ «ግማሽ ቀን» ብዬ ጻፍኩ፤
ብሩን ቆጠረች፣ ደገመች፣ ሁለት መቶውን መልሳ ቦርሳዋ ከተተች።
«ይኼ የኔ ነው» አለች፣ «ድልድዩን ያሳየሁህ እኔ ነኝ።»

ቀነስኩ።